ለአፈር የማይሆን

በዋርካ ሜዳ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚነገረው ለዘመድ አይደለም፤ ለርክክብ ጽሕፈት ቤት ነው። ከተነገረ በኋላ ግራጫ መኪና ይመጣል። ጓንት ያጠለቁ ሰዎች ጫማቸውን በትሕትና ጠርገው ይገባሉ፣ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ይላሉ፣ ሬሳውን በማይቀደድ ከረጢት አሽገው ይወስዳሉ። ለቤተሰቡ የምስጋና ወረቀትና የፕላስቲክ አበባ ትተው ይሄዳሉ። ለቅሶው ከዚያ ወዲያ በአበባው ዙሪያ ይቀጥላል። ልጆቻችን ቀብር ማለት ይህ ይመስላቸዋል።

ምክንያቱን የማያውቅ የለም። በሽታ እንዲከላከሉ ተብለው ቧንቧው ውሃ ውስጥ የተጨመሩት ቅንጣቶች፣ በዓይን የማይታዩት፣ አንዴ ከጠጣናቸው እዚያው ሰውነታችን ውስጥ ይቀራሉ። እነሱ ደግሞ አፈር እንዲነኩ አይፈቀድም። ስለዚህ የጠጣ ሰው አፈር አይገባም። መሬት ላይ ምራቅ መትፋት ወንጀል ነው። አጥር ሥር መሽናት ድሮ ነውር ነበር፣ ዛሬ ያሳስራል። ገበሬ ያለ ጓንትና ያለ ቦቲ ማሳው ውስጥ አይገባም፤ ላቡ እንዳይንጠባጠብም ግንባሩን በጨርቅ ጠፍሮ ነው የሚውለው። እኔ ኤልዳና ልብስ ሰፊ ነኝ። በወጣትነቴ የሙሽራ ቀሚስ እሰፋ ነበር። አሁን የምሰፋው የገበሬ ጓንትና የላብ ማሰሪያ ነው፤ ገበያውም ደህና ነው።

ጠዋት ጠዋት በየመሥሪያ ቤቱ በር ሰልፍ አለ። ውሃውን የጠጣ ሰው ጥፍሩ ሥር ሰማያዊ ነገር ይታያል፤ ያልጠጣ ሰው ጥፍሩ ይገረጣል፣ በሩንም አያልፍም። ተማሪ ቤት ሳለን ሰኞ ሰኞ ጥፍራችን ይታይ እንደነበረው ሁሉ አሁንም ዘበኛው ፊት እጃችንን ዘርግተን እንቆማለን። ሽማግሌው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ፣ ሁላችንም። እንሶስላ የሞቀች ሙሽራ ከበር ትመለሳለች። ሰው በዚህ መናደድ ካቆመ ቆይቷል፤ "ጥፍርሽ እንዴት አደረ?" እያለ ይቀልዳል። እኔ ግን አልቀልድም። ይህንንም የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልጨርሰው ነው የፈለግሁት።

ታላቅ ወንድሜ ያፌት ሽንኩርት አምራች ነበር። ጓንት የሚባል ነገር አይወድም። ዘበኛ የለም ብሎ ባሰበ ቁጥር ከእጁ ያወልቀውና አፈሩን ጨብጦ ያሸተዋል። በዚህ ምክንያት አንድ ጊዜ ተይዞ ታስሯል። ምን ብለህ ቃልህን ሰጠህ ብዬ ስጠይቀው አፈሩ ናፈቀኝ ብዬ ነው አለኝና ሳቀ። ጓንቱን የሰፋሁለት እኔ ነኝ፤ ስፌቱ ጥሩ ነው እያለ ያሞግሰኝና ኪሱ ውስጥ ይከተዋል።

ያፌትና ሚስቱ ማራኪ አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ስሟ አሜን ነበር። ቧንቧው ከመምጣቱ በፊት፣ ገና የፊት ጥርሶቿ እየተነቀሉ ሳለ፣ ወባ ገደላት። የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ቀበርናት። ያን ጊዜ ሰው እንደ ልቡ ይቀበር ነበር። ያፌት ከመቃብሯ ጎን የራሱን ቦታ አስለቅቆ በድንጋይ ከለለው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሞቱ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አጠገቧ ቅበሩኝ ይላል። ሕጉ ከወጣ በኋላም ማለቱን አላቆመም። ማራኪም ሁልጊዜ እሺ ትለዋለች።

ቅንጣቱ የመጣው በጭብጨባ ነው። ይህን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይኖርብኛል። በእኛ አገር ስብሰባ ላይ እጅ የሚቆጥር የለም። ከመድረክ ይነገራል፣ አዳራሹ ያጨበጭባል፣ "በሞቀ ጭብጨባ ጸደቀ" ተብሎ ይጻፋል። አባቶቻችንም እንዲሁ ሲያጨበጭቡ ነው የኖሩት። ልማድ ስለሆነ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

ስለ ቅንጣቱ ስብሰባ የተጠራን ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ያፌት ከሁላችንም ቀድሞ ሄዶ ከፊት ተቀምጧል። ተስፋ አድርጎ ነበር የሄደው፤ ይህ ነገር ያኔ ኖሮ ቢሆን አሜን ትተርፍ ነበር ይል ነበር። ልክም ነው። ወባ ከዋርካ ሜዳ ጠፍቷል፣ ስኳር ያለበት ሰው ዛሬ እግሩ አይቆረጥም። ይህን አልክድም። ከዋና ከተማ የመጡት ባለሙያዎች በሰፊ ስክሪን እያሳዩ ሲናገሩ ዋሉ፤ ሰውም ብስኩቱን እየበላ አዳመጠ። መድረኩን የሚመራው ኖላዊ የሚባል ከወረዳው የመጣ ወጣት ነበር። መጨረሻ ላይ ጥያቄ ያለው ካለ ይጠይቅ አለ።

እትዬ ሶሊያና ተነሡ። ገበያ ውስጥ በርበሬ የሚሸጡ፣ ማንንም የማይፈሩ ሴት ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። "ይህ ነገር ማሳችን ላይ እንዳይደፋ ጥብቅ ሕግ ወጥቷል ብላችሁ ነገራችሁን" አሉ። "ለአፈር የማይሆን ነገር ለልጆቻችን አንጀት እንዴት ሆነ?"

ከባለሙያዎቹ አንደኛው ማይክራፎኑን ይዞ፣ አፈር ላይ የሚኖረው የረጅም ጊዜ ተጽዕኖ ገና አልተጠናም፣ ሰው ግን ክትትል ይደረግለታል አለ። እትዬ ሶሊያና ዞረው ወደ አዳራሹ እያዩ ሰማችሁት? አሉ። መጀመሪያ ያጨበጨበው ያፌት ነው። ተነሥቶ ቆሞ አጨበጨበላቸው። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። ያ ሁሉ ሰው እጁ እስኪቀላ አጨበጨበ፣ ወንዶቹ አፏጩ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ኖላዊ ጭብጨባው እስኪበርድ ፈገግ ብሎ ጠበቀና ለተሳትፏችሁ እናመሰግናለን ብሎ ስብሰባውን ዘጋ።

ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው፣ ነዋሪው ዕቅዱን በሙሉ ድምፅና በሞቀ ጭብጨባ አጽድቆታል የሚል ነው። ቴሌቪዥኑም ጭብጨባውን አሳየ፤ እትዬ ሶሊያናን አላሳየም። ወንድሜ ከፊት ሆኖ፣ ዓይኑ እያበራ ሲያጨበጭብ ይታያል። ያ ምስል እስከ ዛሬ በርክክብ ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። መጀመሪያ ላይ ሳቅን፤ ስህተት ነው ይታረማል አልን። አቤቱታ አስገባን። ምስሉ ራሱ ይናገራል የሚል መልስ መጣልን። አንድ ቀን ጠዋት ቧንቧውን ስንከፍት ተጀምሮ ነበር። የጉድጓድ ውሃ ያላቸው ሰዎችም ጉድጓዳቸው ታሸገባቸው።

ስለ አፈሩ ለምን ይህን ያህል እንደሚጨነቁ ለማወቅ ብዙም መመራመር አያስፈልግም። ሽንኩርቱና አበባው ባሕር ማዶ ይሸጣል፤ ገዢዎቹም ንጹሕ አፈር ላይ የበቀለ እንጂ ሌላ አንቀበልም ብለዋል። እኛ አንሸጥም። ስለዚህ ለአፈሩ ሕግ ወጣለት፣ ለእኛ መመሪያ ወጣልን። በየማሳው፣ በየሜዳው፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ግቢ ረጃጅም ዘንጎች ተተከሉ። ቅንጣት ያለበት ነገር አፈሩን ሲነካ ዘንጉ ይጮኻል፣ ጽሕፈት ቤቱም ወዲያው ይደርሳል። የእኛ መመሪያ ደግሞ ተገቢው ክትትል ይደረጋል ይላል።

ያፌት መጀመሪያ እግሩ አበጠ። ቀጥሎ ፊቱ። ጤና ጣቢያ ስንወስደው ኩላሊቱ ነው አሉን። ከቅንጣቱ ጋር ይያያዝ እንደሆነ ማራኪ ጠየቀች። ሐኪሟ አንገቷን ደፍታ፣ አይያያዝም ብላ እንድትመልስ እንደታዘዘች ነገረችን። እኛም አልጨቀጨቅናትም። በዚያው ሰሞን ሰፈራችን ውስጥ ፊታቸው የሚያብጥ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ። ክትትሉ የታለ ብለን ርክክብ ጽሕፈት ቤቱን ለመንን፤ የሚከታተል ግን አልመጣም። ወንድሜ እንደዚያ ሲያብጥ የጮኸ ዘንግ የለም።

ቅዳሜ ማለዳ እቤቱ ሞተ። ማራኪ ዓይኖቹን ከደነችለት፣ አገጩን በነጠላ አሰረችለትና ስልኩን አንሥታ ከሌላው ክፍል ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

"አልደውልም" አለችኝ። "እሺ ስለው ነው የኖርኩት።"

የእድራችን ዳኛ ጋሽ ናሆም ተጠርተው መጡ። ደርባባ፣ ነገር የማይወዱ ሰው ናቸው። ማራኪ የምትፈልገውን ነገረቻቸው። እሳቸውም እድሩ ሊዘጋ እንደሚችል፣ አባላቱ ሊታሰሩ እንደሚችሉ፣ ከዚያም አልፎ ቀብሩ እንደማይደበቅ በዝግታ አስረዷት። እሷ አልተከራከረችም። የያፌትን እግር ታሻሻለች፣ እብጠቱ ገና አልጎደለም። ጋሽ ናሆም ያንን እግር ብዙ ጊዜ አዩት። በመጨረሻ ተነሥተው ወጡና ቃሬዛውን አምጡ ሲሉ ሰማኋቸው።

ቃሬዛው ከእድሩ መጋዘን ሸራ ሥር ተፈልጎ ወጣ፤ አቧራው ራሱ ያሳዝን ነበር። ወጣቶቹ ቃሬዛ እንዴት እንደሚያዝ አያውቁም፤ ሽማግሌዎቹ አሳዩአቸው። መቃብር የቆፈረ ሰውም ጠፋ። አንድ በመንገድ ሥራ ላይ ያለ ጎረቤታችን ከነአካፋው መጣ። አባ ኪሩቤል፣ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ለፕላስቲክ አበባ ሲፈቱ የኖሩት ቄስ፣ ሬሳው ፊት ቆመው ፍትሐቱን ከመሃል ሳቱት። እንደገና ጀመሩት። ከዚያ በቀጥታ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በዋናው አስፋልት ተሸክመነው ሄድን። ባለሱቆቹ ሱቃቸውን እየዘጉ ተከተሉን። ያን ያህል ሰው የት እንደነበረ እንጃ።

አሜን አጠገብ፣ ድንጋይ በከለለበት ቦታ አስገባነው። ማራኪ ጓንቷን አውልቃ አፈሩን በእጇ መለሰችበት። እኔም አወለቅሁ። አፈሩ ሙቀት ነበረው። ሁላችንም እጃችን ውስጥ ላብ እንዳለ፣ ላቡ ውስጥ ምን እንዳለ እናውቃለን። ሲያስለቅሰን የነበረው ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር እምቢ ማለታችን ነው። ድንኳን ተተከለ፣ ሰው ተቀመጠ፣ ያፌት ሲያስቀን የኖረበትን ቀልድ እያነሣን ሳቅን አለቀስን።

ዘንጉ የጮኸው ቅንጣቱ ከመቃብሩ ሥር ሰርጎ ሲደርስበት፣ በማግስቱ ጠዋት ነው። ከድንኳኑ ሆነን ሰማነው። ስንደርስ የመቃብሩ ዙሪያ በቢጫ ፕላስቲክ ታጥሯል። ከእግር እስከ ራስ ነጭ የለበሱ ሰዎች መቆፈሪያ ማሽን ይዘው ገብተዋል። አባ ኪሩቤል መስቀላቸውን ይዘው ማሽኑ ፊት ቆመው ነበር፤ ነጭ ከለበሱት ሁለቱ በክብር ብብታቸውን ይዘው አነሷቸውና ጥላ ሥር አስቀመጧቸው። ማንም አልተሰደበም፣ ማንም አልተመታም። ቢመቱን ይሻለኝ ነበር።

ያፌትን አወጡት፣ አሸጉት። ይህን ጠብቀን ነበር፤ ማራኪም ቆማ አየችው። ከዚያ ግን ማሽኑ አልቆመም። ቅንጣቱ አፈሩን ስለነካው አፈሩም ይነሣል አሉ። ምን ያህል? በደንቡ መሠረት። ደንቡ ደግሞ ዙሪያውን ሁሉ ይጠቀልላል። ማራኪ ይህን ስትሰማ አጥሩን አልፋ ገባች። በዚህ በኩል ልጄ ናት ብላ ለሠራተኞቹ አለቃ በጣቷ አሳየችው። ሰውየው ጭንብሉን ከፍ አድርጎ አዳመጣት፤ ጨካኝ አይመስልም። ወሰኑን የምወስነው እኔ አይደለሁም አላት። ይዘው ወደ ውጭ አወጧት።

የማሽኑ ባልዲ ወርዶ ሲነሣ ከአፈሩ ጋር ትንንሽ ጣውላዎች አየሁ። ማራኪም አየች። የልጅ ሣጥን ጣውላ ጠባብ ነው፤ ከሌላ ነገር ጋር አይምታታም። ሁሉንም በአንድ ላይ መኪናው ውስጥ ገለበጡት፣ ክዳኑን ገጠሙ፣ አሸጉት። ጉድጓዱን ከሌላ ቦታ ባመጡት አፈር ሞሉት፤ በላዩም ንጹሕ አፈር የሚል ምልክት ተከሉበት።

የእድሩ መጋዘን ታሸገ፤ ጋሽ ናሆም ታስረው ተፈቱ። ለእነሱ ይህ ቀላል ቅጣት ነው፤ ውለታ ዋሉልን እንድንል ይጠብቃሉ። እኔና ማራኪ ግን ውለታውን ትተን ጽሕፈት ቤቱ ሄድን። የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። የአሜንን አጥንት እንዲመልሱልን።

አሁን የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ኖላዊ ነው። ያኔ መድረክ ይመራ የነበረው ወጣት ወፍሯል፣ ደህና ሱፍ ይለብሳል። ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለን። ክፍሉ ሰፊና ንጹሕ ነው። መስኮቱ ሥር በሸክላ የተተከለ አንድ የለመለመ አበባ አለ፤ ቅጠሉ የተወለወለ ይመስላል።

"እናቴ፣ ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው" አላት።

"ልጄን መልስልኝ" አለችው ማራኪ። "ባሌን ቅንጣታችሁ አለበት ብላችሁ ወሰዳችሁት። እሺ ይሁን። እሷ ግን አልጠጣችም።"

ኖላዊ ራሱን ነቀነቀ። ልክ ነዎት አለ። ሟቿ ቅንጣት እንደሌለባት ጽሕፈት ቤቱም እንደሚያምን ነገራት። ችግሩ አጥንቱ ከተበከለ አፈር ጋር በመቀላቀሉ ነው፤ ከአፈሩ ለይቶ ማውጣት የሚቻልበት አሠራር የለም። አፈሩም ቢሆን ይኼኔ እንዲወገድ ተደርጓል። ይህን ሁሉ የተናገረው በለሰለሰ ድምፅ ነው። ቀጥሎም ጽሕፈት ቤቱ ቴክኖሎጂውን በኃላፊነት እንደሚያስተዳድር፣ ጥብቅነቱ ለመጪው ትውልድ ሲባል እንደሆነ አስረዳን። ስለ መጪው ትውልድ ሲናገር ማራኪ ፊቱን ትኩር ብላ ታየው ነበር።

"ደግሞም" አለ ኖላዊ፣ "ነዋሪው ራሱ ያጸደቀው ነገር ነው።"

ከጀርባው ግድግዳው ላይ ወንድሜ ያጨበጭባል። እኔ ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

"መድረኩ ላይ አንተ ነበርክ" አልሁት። "ለማን እንዳጨበጨብን ታውቃለህ።"

ይክደኛል ብዬ ነበር። አልካደኝም። ምስሉን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም።

"ቃለ ጉባኤ ላይ ለማን የሚል ቦታ የለም" አለኝ። "ተጨብጭቧል ወይስ አልተጨበጨበም ነው።"

ሌባን ሲሰርቅ ብትይዘው ቢያንስ ይደነግጣል። ይህ ሰው ግን አልደነገጠም። እጁን ጠረጴዛው ላይ አጣምሮ፣ ሌላ የምትጠይቁት ካለ እያለ ነበር። የምስጋናውን ወረቀትና የያፌትን የፕላስቲክ አበባም አውጥቶ ወደ እኛ ገፋ አደረገው። በቀብሩ ምክንያት ተይዞ የቆየ እንደነበር፣ አሁን ግን ቤተሰቡን ላለማስከፋት እንዲሰጥ ራሱ እንደወሰነ ነገረን።

ማራኪ ተነሣች። አበባውን የምትወስድ መስሎኝ ነበር። አለፈችውና መስኮቱ ሥር ሄደች። ሸክላው ውስጥ ያለውን አፈር ዝቅ ብላ አየችው፤ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ያፌት ቢያየው የሚጨብጠው ዓይነት አፈር ነው። ከዚያ ጎንበስ አለችና መሃሉ ላይ ተፋችበት።

ኖላዊ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። ምን አደረጉ እያለ ጮኸ፤ የለሰለሰው ድምፅ ጠፋ። ወደ ሸክላው ሁለት እርምጃ ሮጦ ፈርቶ ቆመ፣ ተመልሶ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ ተጫነ። ኮሪደሩ ውስጥ ሰው ሲሯሯጥ ተሰማ። በየቢሮው ያሉት ሰዎች ወጡ። ስለ ወንድሜ ኩላሊት ስንለምን ያልተንቀሳቀሰ መሥሪያ ቤት በአንዲት ምራቅ ተገለበጠ። ዘበኞች ማራኪን ግራና ቀኝ ያዟት፤ እሷ ግን የትም አልሄደችም፣ ቆማ ታያለች።

ነጭ የለበሱት መጡ። አንደኛው ሸክላውን ከሥሩ በሁለት እጁ ደግፎ አነሣው። ሌላው ቅጠሎቹ በሩን ነክተው እንዳይሰበሩ በመዳፉ ከለላቸው። ሦስተኛው ወደ ኋላ እየሄደ፣ ቀስ፣ ቀስ በሉ፣ ደረጃ አለ ይላቸዋል። ትንፋሻቸውን ውጠው፣ አንድ ፍሬ አፈር ሳያፈስሱ፣ አበባውን ከነሸክላው ይዘው ወጡ።

ማራኪ እስኪያልፉ ድረስ በዓይኗ ሸኘቻቸው። ከዚያ ወደ ኖላዊ ዞረች።

"ልጄን እንዲህ ይዛችኋት ቢሆን ኖሮ" አለችው።